ጥያቄ በቀጠሮ አይመጣም፦ ለወረዳችን አመራር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የወረዳችን ዋና ሥራ አስፈጻሚ
ለተከበራችሁ የየጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ በስብሰባ የሚነሳ ጥያቄ ሦስት ቀን ቀድሞ በጽሑፍ ይቅረብ ስለተባለው ማስታወቂያ

የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ሰኞ ጠዋት ስንገባ፣ የሰዓት ፊርማ ከምንፈርምበት ጠረጴዛ በላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ አገኘን። አራት መስመር ነው። ከእንግዲህ በጠቅላላ ስብሰባ ጥያቄ ወይም አስተያየት ያለው ሠራተኛ ሦስት ቀን ቀድሞ ለቅርብ ኃላፊው በጽሑፍ ያስገባል። ኃላፊው “አግባብነት አለው” ያለው ብቻ መድረክ ላይ ይነሳል። ከሥሩ ማኅተም አለ። ማኅተሙ ዘመም ብሏል፣ ቸኩለው የመቱት ይመስላል።

ሁላችንም አነበብነው። ሁላችንም ፈረምን። ከዚያ ወደየጠረጴዛችን ሄድን። አንድም ሰው “ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?” አላለም። እኔም አላልኩም። ማታ ወደ ቃሊቲ በሚወስደን ሚኒባስ ውስጥ ግን ሌላ ወሬ አልነበረንም። ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ ቆም ብሎ ሰማንና “እናንተ፣ ይሄን እዚያው ቢሯችሁ አትናገሩም?” አለን። መልስ አልነበረንም። ይህ ደብዳቤ ለረዳቱም መልስ ይሁንልን።

እኔ የወረዳው የዕቅድና ሪፖርት ባለሙያ ነኝ። ደብዳቤውን የጻፍኩት ከ17 ባልደረቦቼ ጋር ተመካክሬ ነው። የወረዳውን ቁጥርም የማንንም ስም አልጠራንም፣ ሰው ማዋረድ አልፈለግንም። ከቃሊቲ ወዲያ፣ በአንድ ወገን ኮንዶሚኒየም በሌላ ወገን የጤፍ ማሳ የሚታይበት የከተማ ዳር ወረዳ ማለቱ ይበቃል። እናንተ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

አንድ ነገር አስቀድመን እንመን። ማስታወቂያው እንዲሁ ከመሬት አልተነሳም። ስብሰባችን ይረዝማል። አንዳንዶቻችን ማይክ ከያዝን አንለቅም። አንዱ የተናገረውን ሌላው “ቀደም ሲል እንደተባለው” ብሎ እንደ አዲስ ይደግመዋል። ይህ እናንተን እንዳሰለቸ እናውቃለን፣ እኛንም አሰልችቶናል። ለእሱ ግን ተናጋሪውን በሦስት ደቂቃ መገደብ ይበቃ ነበር። ሦስት ቀኑን ምን አመጣው?

ከወረቀቱ በፊት የሆኑ ነገሮች ባይኖሩ፣ አራት መስመር ይህን ያህል ባላስከፋን ነበር። እነሱን እናንሳ።

የመጀመሪያው የቦዩ ነገር ነው። ባለፈው ሚያዝያ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ይቆፈር ተባለ። ጥሩ ሐሳብ ነበር። በስብሰባው ላይ የግንባታ ባለሙያው እጁን አወጣ። ብዙ የሚያወራ ሰው አይደለም። ግማሽ ውሃ ያለው ሃይላንድ ጠረጴዛው ላይ አጋደመና ውሃው ወዴት እንደሚተኛ አሳየን። “መሬቱም እንዲሁ ነው” አለ። “ጎርፉ የሚመጣው ከላይ፣ ከማሳው በኩል ነው። ቦዩን ከመንገዱ በላይኛው ጎን ካልቆፈርነው፣ ውሃው መጀመሪያ ቤቶቹን አዳርሶ ነው ቦዩ ውስጥ የሚገባው።” ይኸው ነበር ንግግሩ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

መልሱ ምን ነበር? “አንተ ሁሌም የሚታይህ ችግሩ ነው። አመለካከትህን አስተካክል። ቦታው በአመራር ታይቶ ተወስኗል።” ከዚያ “የጋራ መግባባት ላይ ተደርሷል” ተባለና ወደ ሌላ አጀንዳ ታለፈ። ቃለ ጉባኤው ላይ የጋራ መግባባቱ ተጽፏል። ሃይላንዱ አልተጻፈም።

ቦዩ ከታችኛው ጎን ተቆፈረ። በዚያ በኩል አስፋልቱ ቅርብ ስለሆነ ለጎብኚ ይመቻል፣ ሥራውም ቶሎ ያልቃል። ሐምሌ ገባ። አንድ ሌሊት ዝናቡ ሲወርድ የሁለት ብሎክ ምድር ቤቶች በውሃ ተሞሉ። እናቶች ልጆቻቸውን አልጋ ላይ፣ የጤፍ ጆንያውን ቁም ሳጥን ላይ አውጥተው አደሩ። ያው የግንባታ ባለሙያ በዚያ ሌሊት አካፋ ይዞ መጥቶ ነበር። ከነዋሪዎቹ ጋር እስኪነጋ ጭቃ ሲዝቅ አደረ። ጠዋት በዚያው ቦቲው ቢሮ ገባ። ማንም “ትክክል ነበርክ” አላለውም። እሱም “ብያችሁ ነበር” አላለም። እኔ እሱን ብሆን አንድ ቀን እንኳ አልችልም ነበር።

አሁን ወደ እኔ ጠረጴዛ ልምጣ። በዚያው ወር ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። “የጎርፍ መውረጃ ቦይ ቁፋሮ፣ ክንውን 100 በመቶ” ይላል። ይህ ውሸት አይደለም። ቦዩ ተቆፍሯል። በሜትር ተለክቷል። ፎቶም አለው። ወደ ክፍለ ከተማ ሄዶ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ መጣ። ውሃው ቤት መግባቱን የምጽፍበት ሣጥን ግን ቅጹ ላይ አልነበረም። እኔም ሣጥን ልጨምር አላልኩም።

ሁለተኛው የዶሮዎቹ ነው። ይሄኛው ሲነገር ያስቃል፣ መጨረሻው ግን አያስቅም።

የሌማት ትሩፋት በኅዳር 2015 ዓ.ም. በአገር ደረጃ ከተጀመረ ወዲህ ወረዳችንም ለነዋሪዎች ጫጩት ያከፋፍላል። የ45 ቀን ጫጩቶች ናቸው። ሐሳቡን ማንም አልተቃወመም። እኔ ራሴ እንቁላል ከሱቅ የምገዛ ሰው ነኝ፣ ዋጋውን አውቀዋለሁ። ችግሩ ከተከፋፈሉ በኋላ ነው የመጣው። መኖ ተወደደ። ፈንግል ገባ። ብዙ ቤት ጫጩቶቹ አለቁ። በሩብ ዓመቱ ስብሰባ የከተማ ግብርና ባለሙያዋ ተነስታ አንዲት ጥያቄ ጠየቀች።

“የምንቆጥረው ያከፋፈልነውን ነው ወይስ በሕይወት ያሉትን?”

አዳራሹ ፀጥ አለ። ከኋላ አንድ ሰው ፈገግ ሲል ሰማሁ፣ ፈገግታ ድምፅ ካለው። መድረክ ላይ ያላችሁት “ይህ የፕሮግራሙን ስኬት ጥላሸት የሚቀባ ጥያቄ ነው” አላችሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ጎብኚ ይመጣል ተባለ። ዶሮዎች ከየቤቱ ተሰበሰቡ። በባጃጅ፣ በካርቶን፣ ከላይ ቀዳዳ በተበሳ ካርቶን። ጎብኚዎቹ በሚሄዱባቸው ሦስት ቤቶች ውስጥ ተደለደሉ። አንዲት እናት ግን ዶሮዋ እንዳትቀየርባት እግሯ ላይ ቀይ ክር አስራባት ነበር። ጎብኚዎቹ መጀመሪያው ቤት ቆጥረው ሻይ ሲጠጡ፣ ካርቶኑ በጓሮ ወደ ሁለተኛው ቤት ዞረ። ባለ ቀይ ክሯ ዶሮ ሁለት ቤት ተቆጠረች። ከጎብኚዎቹ አንዱ “ይቺን አይተናታል ልበል?” ብለው ሳቁ። ሁላችንም ሳቅን። ቁጥሩ ግን እንዳለ ገባ። ኤክሴሉ ላይ የሞላሁት እኔ ነኝ።

ጥያቄዋን የጠየቀችው ባልደረባችን ከወር በኋላ “ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል” ወደ መዝገብ ቤት ተዛወረች። በእንስሳት ሳይንስ የተመረቀች ሴት አሁን ፋይል ታወጣለች፣ ፋይል ትመልሳለች። የግማሽ ዓመት የሥራ አፈጻጸም ውጤቷም ወርዷል። ዝቅ ያለባት መስፈርት “ለለውጥ ያላት ዝግጁነት” የሚለው ነው። ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አመልክታለች። ኮሚቴው እስካሁን አልተሰበሰበም። የኮሚቴው ሰብሳቢ ያዛወሯት ኃላፊ ናቸው።

እንግዲህ ሦስት ቀን የሚለው ወረቀት የተለጠፈው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጥያቄዋ አስቀድማ በጽሑፍ ቀርባ ቢሆን ኖሮ “አግባብነት አለው” ትባል ነበር? እናንተው መልሱት።

ሦስተኛው ቅሬታችን ቃላቱ ናቸው። “የአመለካከት ችግር” የምትሏት ነገር። አንድ ሰው ቁጥር ሲጠይቅ ስለ ቁጥሩ ይመለስለት። ቦዩ በየት ይቆፈር ሲል ስለ መሬቱ ይመለስለት። እኛ ጋ ግን ነገሩ ይቀርና ሰውየው ይመረመራል። ይሄ ልማድ ዛሬ አልተጀመረም። በደርግ ጊዜ ሂስና ግለ ሂስ ይባል ነበር፣ ሐሳቡ ያልጣማቸውን ሰው “አድኃሪ” ማለት ይበቃ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ከበረሃ የገቡት ግምገማን ይዘው መጡ፣ መፈረጃውም “ኪራይ ሰብሳቢ” ሆነ። ዛሬ ደግሞ “አሉታዊ አመለካከት” ነው። የአሠራር ማሻሻያ እየተባለ ቢፒአር መጣ፣ ቢኤስሲ መጣ፣ የዜጎች ቻርተር መጣ። ሁሉም ሥልጠና ነበረው፣ አበልም ነበረው። ተጠያቂው ጥያቄውን ትቶ ጠያቂውን የሚመረምርበት ነገር ግን በአንዱም አልተነካም።

የሚገርመው ይህ ከኛ ባህል ጋር እንኳ አይሄድም። አባቶቻችን ሲሟገቱ “ተጠየቅ!” “ልጠየቅ!” ይባባሉ ነበር። “በላ ልበልሃ” ብሎ ዛፍ ሥር የሚሟገት ሰው ነገሩን በነገር ይመታል እንጂ “አንተ መጀመሪያውኑ አመለካከትህ” ብሎ አያመልጥም። ቢያመልጥ ከብቦ የሚሰማው ሰው ይስቅበታል። አዎ፣ “እሺ ይበልጣል ከሺህ” የሚል ተረትም አለን። ቢሮ ውስጥ የወረስነው ግን እሱን ብቻ ይመስላል።

ሩቅ ሳንሄድ የሰፈራችንን እድር እንይ። ከእናንተ መካከል አንዱ የዚያው እድር አባል ናቸው፣ እኔም ነኝ። ባለፈው ወር እሑድ ስብሰባ ገንዘብ ያዡ የንብረት ሒሳብ አነበበ። “የጠፋ ወንበር፣ አራት” አለ። አንዲት አሮጊት እናት ከነጠላቸው ሥር እጃቸውን አውጥተው “ልጄ፣ ባለፈው ሦስት ነበር ያልከን። አራተኛዋ በእግሯ ሄደች?” አሉት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ገንዘብ ያዡ ደብተሩን ወደ ኋላ ገልብጦ አየ። አራተኛዋ ለቀስተኛ ቤት ቀርታ እንዳልተመለሰች ተገኘ። ጸሐፊው መዘገበው። እማማም ቁጭ አሉ፣ ገንዘብ ያዡም አልተቀየማቸውም። የሳቸው መዋጮ ወደ መዝገብ ቤት አልተዛወረም።

በዚያው ዕለት ከእናንተ መካከል የጠቀስናቸው አባል የሁለት ወር መዋጮ እንዳልከፈሉ ተነሳ። “እውነት ነው፣ ይቅርታ፣ ዛሬውኑ እከፍላለሁ” አሉ። ከፈሉም። አከበርናቸው። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ሲገቡ ያ ሰው የት እንደሚሄድ ነው ያልገባን።

አራተኛው የካይዘን፣ ሥራን ቀስ በቀስ የማሻሻል የጃፓኖች ዘዴ ነገር ነው። ካይዘን ወደ አገራችን የገባው በጃፓን መንግሥት ድጋፍ በጥቂት ፋብሪካዎች ሙከራ ተጀምሮ ነው፣ ከዚያ በ2011 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ወረዳችንም ሠልጥኗል። አምስቱ ማዎች ግድግዳ ላይ አሉ። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት እያለ ይቀጥላል። ጠረጴዛችን ላይ በቢጫ ፕላስተር የስቴፕለር ቦታ ተከልሏል። ስቴፕለሩ ከጠፋ ዓመት ሞላው። ክልሉ ግን አለ፣ በየሳምንቱ ይጸዳል።

ከሥልጠናው ያልመጣልን አንድ ነገር አለ። ካይዘን ባደገበት በቶዮታ ፋብሪካ መኪናው በሚገጣጠምበት መስመር ርዝመት ገመድ ተዘርግቶ ነበር። ማንኛውም ሠራተኛ፣ ትናንት የተቀጠረም ቢሆን፣ ብሎኑ ልክ ካልመጣለት ገመዱን ይስባል። መብራት ይበራል። አለቃው ወደ ሠራተኛው ይመጣል። ቶሎ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። ገመድ ሳቢው አይገመገምም። አለቃው መጥቶ የሚጠይቀው “ምን አየህ?” ብሎ ነው። ከዚያ ለምን ሆነ፣ ያስ ለምን ሆነ እያሉ እስከ አምስት ጊዜ ይጠይቃሉ። እኛ ከካይዘን መጥረጊያውንና ፕላስተሩን ወሰድን። ገመዱን ጃፓን ተውነው። የግንባታ ባለሙያው ሃይላንድ ሲያጋድም እኮ ገመድ መሳቡ ነበር።

ገመድ ሳቢ ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ ለማወቅም ከኛ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ከቦሌ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302፣ በተነሳ በ6 ደቂቃ ገደማ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። 157 ሰዎች አለቁ። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ ነበር። አምስት ወር ሳይሞላው በፊት ያው ዓይነት አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተዋል። በሁለቱም ላይ ኤምካስ የተባለው ሥርዓት ከአንድ ዳሳሽ ብቻ በመጣ የተሳሳተ ንባብ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ደፍቷል።

በኋላ ብዙ ነገር ወጣ። ሲያትል አጠገብ ካለው የቦይንግ ፋብሪካ ኃላፊዎች አንዱ የነበሩት ኤድ ፒርሰን፣ በጥድፊያውና በሠራተኛው ድካም ሰግተው ምርቱ ለጊዜው ይቁም ብለው ከአደጋዎቹ በፊት በ2018 እ.ኤ.አ. ለአለቆቻቸው ጽፈው ነበር። ምርቱ አልቆመም። በ2012 ዓ.ም. ይፋ የሆኑት የኩባንያው የውስጥ መልእክቶች ደግሞ ሠራተኞች እርስ በርሳቸው በአውሮፕላኑ ሲያላግጡ ያሳያሉ። እርስ በርሳቸው። ይህን ሳነብ የኛ ሁለት ቴሌግራም ግሩፖች ትዝ አሉኝ። አንደኛው እናንተ ያላችሁበት ነው፣ እዚያ ላይ አውራ ጣትና “እናመሰግናለን” ብቻ ነው ያለው። ሁለተኛው እናንተ የሌላችሁበት ነው። የወረዳው እውነተኛ ሪፖርት ያለው እሱ ላይ ነው። ባለ ቀይ ክሯ ዶሮ ፎቶዋ እዚያ አለ።

የኛ ወረዳ ቦይና ዶሮ ከአውሮፕላን ጋር ይወዳደራል ወይ የሚል ይኖራል። አይወዳደርም። የሰው ነፍስ ከዶሮ ጋር አናወዳድርም። ግን በስብሰባ ዝም ብሎ በግሩፕ የሚናገር ሠራተኛ አንድ ዓይነት ነው፣ ሲያትልም ይሁን ከቃሊቲ ወዲያ።

አምስተኛው ትንሽ ከበድ ይላል፣ ግን እናሳጥረዋለን። በደረጃው ጎን በመስታወት ፍሬም 12ቱ የሥነ ምግባር መርሆዎች ተሰቅለዋል። ቅንነት አለ፣ ታማኝነት አለ፣ ሐቀኝነት አለ፣ ተጠያቂነት አለ። አርአያ መሆንም አለ። ከነዚህ ውስጥ በሹመት ጊዜ የሚመዘነው ታማኝነት ብቻ እየሆነ መጥቷል፣ እሱም ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ወገን። መርሆው ላይ ያለው ታማኝነት ለሕዝብና ለሥራ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን፣ ኃላፊነቱን ያጓደለም ተጠያቂ ይሁን ይላል። በአንቀጽ 29 ደግሞ ማንም ሰው የመሰለውን አመለካከት ያለጣልቃ ገብነት መያዝ ይችላል ይላል። አመለካከትን በአፈጻጸም ውጤት መቀነስ ከዚህ ጋር እንዴት እንደሚታረቅ የሕግ ባለሙያችሁን ጠይቁልን።

ይህን የምናነሳው በፖለቲካ ልናስገባችሁ አይደለም። ፖለቲካው ራሱ ወደ ስብሰባችን ስለገባ ነው። ወረዳን የሚጠይቀው የወረዳ ምክር ቤት መሆን ነበረበት። የአካባቢ ምርጫ በ2005 ዓ.ም. ተካሄደ። አምስት ዓመቱ ሲሞላ በ2010 ዓ.ም. ተራዘመ። ከዚያ ወዲህ ጎረቤታችን ተመርጦ “ለምን?” የሚልበት አዲስ የምክር ቤት ወንበር የለም። ስለዚህ ጥያቄው ሠራተኛው እጅ ላይ ወድቋል። የሠራተኛው አፍ ሲዘጋ ሌላ የሚጠይቅ አይተርፍም።

እናንተም እንደምትጨነቁ እናውቃለን። ከክፍለ ከተማ ኮታ ይመጣል። ሱፐርቪዥን ይመጣል። ቢጫ የተቀባ ወረዳ ይጠራል፣ ይወቀሳል። “አልተሳካም” ብሎ የጻፈ ኃላፊ ምን እንደሚጠብቀው አይተናል። እኛ እናንተን እንደምንፈራው እናንተም የምትፈሩት አለ። ለዚህም እናዝናለን፣ ምክንያቱ ግን ለኛ ማስታወቂያ መለጠፍ አይሆንም። ያችን ባልደረባችንን ያዛወራችሁ ቀን፣ ምን ያህል ዶሮ በሕይወት እንዳለ የሚነግራችሁን ሰው ነው ያጣችሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ የምታዩት የኔን ኤክሴል ነው። የኔን ኤክሴል ደግሞ እኔ አውቀዋለሁ።

እንግዲህ የምንጠይቀውን እንጠይቅ።

ሦስት ቀን የሚለው ማስታወቂያ ይነሳ። በምትኩ ለአንድ ተናጋሪ ሦስት ደቂቃ ይሰጥ፣ ሰዓቱንም ከሠራተኛው የሚመረጥ ሰው ይያዝ። የተባለውን የሚደግመውን ቁረጡት፣ እኛም እናግዛችኋለን።

የከተማ ግብርና ባለሙያዋ ወደ ሥራዋ ትመለስ። የተቀነሰባት ውጤት እንደገና ይታይ። የሚያየው ደግሞ ያዛወሯት ኃላፊ የማይቀመጡበት ኮሚቴ ይሁን። ይህ ለኛ ከሁሉም ይበልጣል። ሌላው ሁሉ ተፈጽሞ ይህ ከቀረ፣ ማንም ሠራተኛ የተፈጸመውንም አያምነውም።

ቃለ ጉባኤ ላይ “የጋራ መግባባት” ከመጻፉ በፊት የተለየ ሐሳብ ከነምክንያቱ ይመዝገብ። ሰበር ሰሚ ችሎት እንኳ፣ አምስት ዳኞች ተቀምጠው፣ አንዱ ካልተስማማ “የሐሳብ ልዩነት” ተብሎ ከፍርዱ ጋር ይጻፍለታል። ፍርዱ በዚህ አይረክስም። የግንባታ ባለሙያው ቃልም ወደ ኋላ ተመልሶ በሚያዝያው ቃለ ጉባኤ ላይ በአባሪነት ይያዝ። እሱ ይህን አልጠየቀም። እኛ ነን የምንጠይቅለት።

ቦዩ ከመጪው ክረምት በፊት በላይኛው ጎን ይቆፈር። በጀት የለም ካላችሁ ቢያንስ የማሳውን ውሃ የሚያዞር ክትር ይሠራ። ነዋሪዎቹ ጉልበት እንደሚያዋጡ ነግረውናል።

በሪፖርት ቅጹ ላይ ሁለት ሣጥን ይጨመር፦ “ያልሠራው ምንድን ነው?” እና “ማን አስቀድሞ ተናግሮ ነበር?” እሱን እኔ ራሴ በግማሽ ሰዓት እሠራዋለሁ፣ ፈቃዳችሁ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ካሁን በኋላ የምሞላው የዶሮ ቁጥርም በሕይወት ያሉትን ብቻ ይሆናል። ይህን አስቀድሜ በጽሑፍ አሳውቄያለሁ፣ ሦስት ቀኑም ተሟልቷል።

ጎብኚ ሲመጣ ካርቶን አይዙር።

ለነዚህ ጥያቄዎች በጠቅላላ ስብሰባ፣ በሁላችንም ፊት፣ እስከዚህ ወር መጨረሻ መልስ እንድትሰጡን እንጠይቃለን። “አይሆንም” የምትሉት ካለም ምክንያቱን እንስማ፣ እንከራከርበት። ተሳስተን ከሆነ ለመታረም ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር

የወረዳው የዕቅድና ሪፖርት ባለሙያ
የ17 ባልደረቦችን ሐሳብ ጭምር በመያዝ
ከቃሊቲ ወዲያ፣ አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለወረዳው ሠራተኞች በሙሉ
ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ፣ ሲሰበሰብ
ከፊርማ ጠረጴዛው በላይ ላለው ግድግዳ